ውርጭ የሚፈራ ጠመንጃ

ለምጽፈው የሳይንስ ልብወለድ ጠመንጃ እየፈለሰፍኩ ነው። በወረቀት ላይ ብቻ የሚኖር ጠመንጃ። ታሪኩ የሚሆነው ከ100 ዓመት በኋላ ነው። ቦታው ግን እዚሁ ሰሜን ሸዋ ነው፤ ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር፣ በጣርማ በር አድርጎ መንዝና ጓሳ ድረስ። ከታሪኩ በላይ እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ጠመንጃ ስለሆነ ያሰብኩትን ልጻፈው።

አንድ ነገር ላይ ቆርጫለሁ። ምን ይችላል ብዬ አልጀምርም፣ ምን አይችልም ብዬ ነው የምጀምረው። ሁሉን የሚችል መሣሪያ ታሪክ ይገድላል። ጀግናው ቃታ ይስባል፣ ጠላት ይወድቃል፣ አለቀ። እኔ ደግሞ የሚከብድ፣ የሚሞቅ፣ ብርድ የሚይዘው፣ ባለቤቱን በየቀኑ የሚያስቸግር መሣሪያ ነው የምፈልገው።

ሌዘርን ወዲያው ጣልኩት። ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ ያየ ሰው ለምን እንደሆነ ይገባዋል። ሹፌሩ መብራት አብርቶ እንኳ ከፊቱ ያለውን መኪና አያየውም። ጉም በአየር ላይ የተንሳፈፈ ጥቃቅን የውሃ ጠብታ ነው፣ ብርሃን ሲመታው በየአቅጣጫው ይበተናል፣ ሌዘርም ያው ብርሃን ነው። ክረምቱን ሙሉ ሥራ የሚፈታ ጠመንጃ ይዞ አንኮበር ላይ ዘብ የሚቆም ሰው አይኖርም።

ስለዚህ በማግኔት የሚተኩስ ይሁን አልኩ። ሁለት ዓይነት አሠራር አለ። አንደኛው ጥይቱን በሁለት ሐዲድ መካከል አድርጎ በኃይለኛ ኤሌክትሪክ መግፋት ነው። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ይህንን ለመርከብ መድፍ ብዙ ዓመት ደክሞበታል፤ እ.ኤ.አ. በ2010 በ33 ሜጋጁል ጉልበት (ጁል የጉልበት መለኪያ ነው፣ ሜጋጁል ደግሞ አንድ ሚሊዮን ጁል) ተኩሶ አሳይቷል፣ በ2021 ግን ሥራውን አቆመው። ሐዲዱ ቶሎ መበላቱ አንዱ ራስ ምታት ነበር። መርከብን ያስቸገረ ነገር የገበሬ ትከሻ ላይ ይቀመጣል ብዬ መጻፍ አልቻልኩም። ሁለተኛው በአፈሙዙ ርዝመት የመዳብ ሽቦ ጥቅሎችን ደርድሮ፣ አንዱ ሲጠፋ ቀጣዩ እየበራ የብረቱን ጥይት ወደ ፊት እንዲስቡት ማድረግ ነው። ይሄኛውን ወሰድኩ።

ከዚያ ሒሳቡ መጣ። እውነቱን ለመናገር በጣም የወደድኩት ይሄን ክፍል ነው። የክላሽ ጥይት 8 ግራም ያህል ትመዝናለች፣ በሰከንድ 715 ሜትር አካባቢ ትወጣለች፣ ጉልበቷ ወደ 2,000 ጁል ነው። የኔዋ 2 ግራም ብቻ ትሁን፣ ግን በሰከንድ 2,000 ሜትር ትሂድ። ጉልበቷ 4,000 ጁል ሆነ፣ እጥፍ ማለት ነው። የሚገርመው ደግሞ ትከሻ ላይ የምትመታው ያነሰ ነው፤ ምክንያቱም ትከሻን የሚገፋው ክብደትና ፍጥነት ተባዝቶ የሚገኘው ነው፣ ያ ደግሞ ለክላሿ 5.7፣ ለኔዋ 4 ነው የሚመጣው።

ደስ አይልም? ግን እዳ አለው። ከባትሪው ከሚወጣው ጉልበት ጥይቷ ጋ የሚደርሰው አንድ አምስተኛው ነው ብዬ ወሰንኩ። እንግዲያው ለአንድ ተኩስ 20,000 ጁል ያስፈልጋል። ዛሬ ያለው ጥሩ የሊቲየም ባትሪ በኪሎ 250 ዋት ሰዓት፣ ማለትም 900,000 ጁል ይይዛል። አንድ ኪሎ ባትሪ 45 ጥይት ሆነ። እጃችን ላይ ያለው የስልክ ባትሪ ሁለት ሦስቴ ተኩሶ ያልቃል። የቀረው 16,000 ጁል የት ይሄዳል? ሙቀት ሆኖ መዳቡ ውስጥ ይቀራል። አሥር ጊዜ ከተተኮሰ የተጠራቀመው ሙቀት ግማሽ ሊትር ውሃ ያፈላል፤ ለዚያውም ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ነው።

ከፍታው ራሱ ገጸ ባሕርይ ሆነብኝ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ጓሳ ከ3,000 በላይ ነው። አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ይሳሳል። ለጥይቷ ጥሩ ነው፣ የሚይዛት አየር ይቀንሳል። ለጠመንጃው ግን መጥፎ ነው። ስስ አየር የጋለውን መዳብ ቶሎ አያቀዘቅዝም። ከፍተኛ ቮልቴጅም ስስ አየር ውስጥ በቀላሉ ብልጭ ብሎ ይዘላል። ቆላ ላይ ደህና የሚሠራው መሣሪያ ደጋ ሲወጣ ያኮርፋል። ሸዋ ሮቢት የተገዛ ጠመንጃ መንዝ ላይ እምቢ ሲል በዓይነ ሕሊናዬ ይታየኛል፣ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ይወጣዋል።

ውርጩ ደግሞ አለ። ከጥቅምት ጀምሮ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ሲወርድ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ነው የሚያድረው። ሊቲየም ብርድ አይወድም፣ የሚሰጠው ኃይል ይቀንሳል፣ ከዜሮ በታች ሆኖ ቻርጅ ከተደረገ ጭራሽ ይጎዳል። ስለዚህ ባትሪው ከሰደፉ እንዲነቀል አደረግኩት። የኔ ሰዎች ሌሊት ባትሪውን በርኖሳቸው ሥር፣ ደረታቸው ላይ አቅፈውት ያድራሉ። ጠመንጃው በር ላይ ባዶውን ተሰቅሎ ያድራል። ሌሊት በድንገት መተኮስ የፈለገ ሰው መጀመሪያ ከብርድ ልብሱ መውጣት፣ ባትሪውን መግጠም፣ ከዚያ ካፓሲተሩ (የባትሪውን ጉልበት አጠራቅሞ ባንዴ የሚለቀው ዕቃ) እስኪሞላ መጠበቅ አለበት። ያቺ መጠበቂያ ለኔ ትልቅ ነገር ናት። ሰው በንዴት አንስቶ የማይተኩሰው ጠመንጃ ነው።

ድምፅ አልባም አላደረግኩትም። በሰከንድ ከ340 ሜትር ገደማ በላይ የሚሄድ ነገር ሁሉ አየሩን ሰንጥቆ ይጮኻል፣ ባሩድ ኖረ አልኖረ። ይህን ሳውቅ ደስ አለኝ። በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲደርስና ደብረ ብርሃን በተፈናቃይ ስትሞላ እዚህ የነበርን ሰዎች የተኩስ ድምፅ ምን እንደሚያደርግ እናውቃለን። ማንም ሳይሰማ ሰው የሚገድል ጠመንጃ መጻፍ አልፈልግም። ተኩስ ከተተኮሰ ገደሉ ተቀብሎ ያስተጋባው፣ መንደሩ ይስማ።

ሥዕሉን ይዤ መንዝ አያቴ ጋ ሄድኩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጠመንጃ ይዘው የኖሩ ሰው ናቸው። ሥዕሉን ገልብጠው ገላብጠው አዩት።

«ስንት ኪሎ ነው?» አሉኝ።

«8 ይሆናል አባባ።»

«8! ክላሹ እንኳ ከነጥይቱ 4 ኪሎ ነው። ታዲያ ዳገቱን ማን ሊሸከመው ነው?»

«ኃይለኛ ነው እኮ አባባ፣ እጥፍ ነው።»

«ይሁና። ጥይቱ ሲያልቅ ከየት ይመጣል?»

ጥይቱ ብረት ነው፣ እዚሁ ይቆረጣል፣ ባትሪው ግን ከውጭ ነው የሚመጣው አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያስ የጠመንጃው ጌታ የባትሪው ባለቤት ነው» አሉ። ይሄ ነገር ከዚያ ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣም። እዚህ አገር ጠመንጃ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የኖረው። እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዝ ልዑክ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ አንኮበር ሲመጣ ከስጦታው ውስጥ ጠመንጃና መድፍ ነበረበት። ከዚያም ስናድሩ፣ ውጅግራው፣ አልቢኑ፣ ምንሽሩ ተራ በተራ መጡ። እያንዳንዱ የየራሱን ጥይት ይፈልጋል፣ ጥይቱ ደግሞ ባሕር ተሻግሮ ነው የሚመጣው። ከ100 ዓመት በኋላም ሰዎቼ ያንኑ ጥያቄ ይዘው እንዲኖሩ አድርጌያለሁ።

ከዚያ አባባ አንድ ጥያቄ ጨመሩ። «አንቺ ልጅ፣ ሰውየው ሲሞት ማን ይይዘዋል?»

ጠመንጃው የባለቤቱን እጅ ብቻ እንዲያውቅ አድርጌው ነበር። አሻራ ያያል፣ ሌላ ሰው ቃታ ቢስብ አይሠራም። ለደኅንነት ጥሩ ነው፣ ሕፃን አይተኩሰውም፣ ሌባ ሰርቆ አይጠቀምበትም። ግን እዚህ የአባት ጠመንጃ የልጅ ነው። በለቅሶ ላይ የሟቹ ጠመንጃ ከልብሱ ጋር ይወጣል፣ አስለቃሿ በሙሾዋ ታነሳዋለች፣ በኋላ ልጁ ያነግተዋል። እንግዲህ የኔን ጠመንጃ ለቅሶ መሐል አስቀምጡት። ሰውየው ተቀብሯል። ጠመንጃው ግን አሁንም የሚጠብቀው የእሱን ጣት ነው። ልጅቷ (ወራሿ ሴት ልጁ ናት) ስታነሳው ትንሿ መብራት ቀይ ትሆንባታለች። የአባቷ ንብረት አባቷን እንጂ እሷን አላውቅም ይላታል። ይህን ትዕይንት ስጽፍ አልቅሻለሁ።

ታዲያ የት ትሄዳለች? ደብረ ብርሃን፣ ጠጋኝ ጋ። ዛሬ ሞባይል የሚጠግኑት ልጆች፣ ያቺን ጠባብ ሱቅ፣ የመበየጃውን ጭስ፣ በማጉያ መነጽር የሚያዩትን ሰሌዳ፣ ሁሉንም እንዳለ ወደ ፊት ወሰድኩት። እነሱን የማይጠቅስ የወደፊት ዓለም ለኔ ውሸት ነው። ማንም መሣሪያ እዚህ አገር የሚኖረው የሚጠግነው እስካለ ድረስ ነው።

ጠጋኙ ሲከፍተው ግን ሌላ ነገር ያገኛል። ጠመንጃው እያንዳንዱን ተኩስ መዝግቦ ይዟል፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን። ይህን ያስገባሁት አውጫጭኝን እያሰብኩ ነው። ድሮ አንድ ሰው ሲገደል ወይም ከብት ሲሰረቅ አገሩ ሁሉ አንድ ላይ ተሰብስቦ ያየውን የሰማውን እስኪያወጣ ይቀመጥ ነበር። ሰው ሊደብቅ ይችላል፣ ዘመዱን ሊያድን ይችላል፣ ሽማግሌ ደግሞ መቼ ዝም ማለት እንዳለበት ያውቃል። መዝገቡ ግን ዘመድ የለውም። ከሟቹ ተኩሶች መካከል አንዲቱ ማንም የማያውቃት ናት፤ ገዳዩ ሳይገኝ የቀረ አንድ ሰው በሞተበት ሌሊት፣ በዚያው ቦታ። የተገደለው ሰው ቤተሰብና የልጅቷ ቤተሰብ ያኔ ከነጥርጣሬው በሽምግልና ታርቀው፣ ደሙ ደርቆ፣ ዛሬ ይጋባሉ።

ልጅቷ ይህን ለሽማግሌዎቹ ትናገራለች ወይስ ጠጋኙን አጥፋው ትለዋለች? እኔ የምፈልገው እንድትናገር ነው። አባባ ግን ተቆጡኝ፣ «የደረቀ ደም ማን ያርሳል?» አሉ፣ እስኪመሽ ድረስ ተከራከርን፣ አልተስማማንም። ሁለቱንም ጽፌ ለማየት ወስኛለሁ፣ መጀመሪያ የሳቸውን።

ክብደቱን ወደ 5 ኪሎ ተኩል አውርጄዋለሁ። ባትሪውን ስላሳነስኩት አሁን የሚተኩሰው 20 ጊዜ ነው።