አቦል፣ ቶና፣ በረካ

የአክስቴ ኮምፒውተር ማታ በደህና ይሰናበትና ጠዋት አልነሳም ይላል። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ባለችው የጽሕፈት ቤቷ ማመልከቻውም ውሉም የሚተየበው በዚሁ ነው፦ ፕሮሰሰሩ ኮር ቱ ዱዎ፣ ባለ 1 ጊጋ ሁለት ራም (ጊዜያዊ ማስታወሻው)፣ ዊንዶውስ 7። የዊንዶውስ አርማ ብቅ ሲል ሰማያዊ ስክሪን ብልጭ ብሎ ሳይነበብ ይጠፋል፤ ማሽኑ ራሱን አጥፍቶ ይነሳል፤ ደግሞ ሰማያዊ። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ የጎረቤት ሞባይል ጠጋኙ ልጅ ይመጣና "እስቲ ዞር በሉልኝ" ብሎ ቁልፍ ነካ ነካ ያደርጋል። ይነሳል። ማኪያቶውን ጠጥቶ ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ ቀኑን ሙሉ አሥር ጊዜ ቢጠፋና ቢበራ ምንም አይለው።

"የጦሳ ተራራ ብርድ ነው" አለችኝ አክስቴ። "ፀሐይ ሳይነካው አይነሳም። እንደኔው ነው።"

ልጠይቃት ከኮምቦልቻ የወጣሁት ሰውዬ "አብሽሪ፣ እኔ አለሁ" አልኩ።

የብርዱ ነገር እንደሚመስለው ቀልድ አይደለም። ያረጀ ፓወር ሰፕላይ (ለማሽኑ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ሳጥን) ውስጥ ያለ ካፓሲተር፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ትንሽ ዕቃ፣ ሲቀዘቅዝ ይለግማል፣ ሲሞቅ ይሻለዋል፤ ስለዚህ ጠዋት ጠዋት የሚያስቸግር ማሽን ላይ መጀመሪያ እሱን ጠረጠርኩ። ሶኬቱን ነቅዬ ባለ 24 ፒኑን ገመድ ከማዘርቦርዱ (ከዋናው ሰሌዳ) አላቀቅኩ፤ ፓወር ሰፕላዩ ብቻውን እንዲነሳ አረንጓዴውን ሽቦ ከአንዱ ጥቁር ጋር በቁራጭ ሽቦ አገናኝቼ ሶኬቱን መልሼ ሰካሁት። ፋኑ ዞረ። በቴስተር ቢጫው 12.1፣ ቀዩ 5፣ ብርቱካናማው 3.3 ቮልት። እስከ 5 በመቶ ከፍ ዝቅ ቢል ይፈቀድለት ነበር፤ ይሄ ግን ከእኔ የተሻለ ጤነኛ ነው። አናቱ ያበጠ ካፓሲተርም የለም። (ከኋላ 230 እና 115 የተጻፈባት ቀይ ማብሪያ ካለች እጃችሁን ሰብስቡ። በኛ 220 ቮልት ላይ ወደ 115 የገፋት ሰው ጧ የሚለውን ድምፅ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማለታል።)

ቀጥሎ ራም። ወርቃማውን ጥርስ በላጲስ ማሸት የታወቀ መድኃኒት ነው፤ ግን ላጲሱ የሚታሸው ከማሽኑ ራቅ ብሎ ነው። እኔ እዚያው ማዘርቦርዱ ላይ ጎንበስ ብዬ አሸሁ፤ ፍርፋሪውም ማስገቢያው ውስጥ ገባ። መልሼ ስሰካ አንደኛው ጫፍ ቀጭ አለ፣ ሌላኛው አላለም፤ ብሎታል ብዬ አለፍኩ። አበራሁት።

ጢጥ። ጢጥ። ጢጥ።

ስክሪኑ ጨለማ። ቀድሞ ሰማያዊ እንኳ ያሳይ የነበረው አሁን ጭራሽ ዓይኑን ጨፈነ። ማመልከቻ ሊያስጽፉ ተራ የሚጠብቁት ሼህ አንገታቸውን ቀና አድርገው "ሦስት ጊዜ ነው ያለው?" አሉኝ።

"አዎ፣ ሦስት ነው።"

"አቦል፣ ቶና፣ በረካ ነዋ! ቡና ነው የሚፈልገው።"

አክስቴ የምር ይዛው ረከቦቱን ቀረበች፤ እጣኑም ጨሰ። አሚ በሚባለው ባዮስ (ዊንዶውስ ሳይነሳ ማሽኑን የሚፈትሸው ፕሮግራም) ቋንቋ ሦስት አጭር ጢጥታ "ራሜን ማንበብ አቃተኝ" ማለት ነው፤ ግን ይህን ለሼሁ ብነግራቸው ማን ያምነኛል? አጥፍቼ ሶኬቱን ነቀልኩ፤ በውስጡ የቀረው ኤሌክትሪክ እንዲወጣ ማብሪያውን ለ10 ሰኮንድ ያህል ተጫንኩት፤ ፍርፋሪውን በደረቅ ብሩሽ ጠረግኩ፤ አንዱን ራም ብቻ ሁለቱም ጫፍ ቀጭ እስኪል ገፋሁት፣ ቀጥሎ ሁለተኛውን። አንድ ጢጥ ብሎ ተነሳ። ልክ በረካው ሲቀዳ። ምስጋናው ለማን እንደሄደ አልነግራችሁም።

ሰማያዊው ስክሪን ግን አሁንም አለ። መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝን ያደረግኩት ያኔ ነው፦ ሲነሳ ኤፍ 8 ተጭኖ "ዲሴብል ኦቶማቲክ ሪስታርት" የሚለውን መምረጥ። ስክሪኑ ቆመልኝ። ቁጥሩ 0x0000007B። ዊንዶውስ የተቀመጠበትን ዲስክ ራሱን ማግኘት አቃተው ማለት ነው። ይሄን ያላነበበ ባለሙያ "ፎርማት ይደረግ" ይላል።

"እትዬ፣ ከዚህ በፊት ጥቁሩ ላይ የሚወጣ ጽሑፍ የለም?"

"ያቺ 'ሲሞስ ቼክሰም' የምትለዋ? እሷማ በየቀኑ ትመጣለች። ኤፍ 1 ስጫንላት ትሄዳለች።"

ባዮሱ የያዘውን ሴቲንግ ረስቷል ማለት ናት። አክስቴ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሽቦ ሳገናኝ አጠገቤ ቁጭ ብላ ነበር።

ባዮስ ውስጥ ስገባ ቀኑ 01/01/2009 ነው። አክስቴ በትከሻዬ አሻግራ አየችና "ታዲያ ልክ ነዋ፣ የኛ አቆጣጠር ነው፤ ትንሽ ወደ ኋላ ቀርቶ እንጂ" አለች። ሳታ ሞድ የሚለው (ማሽኑ ከዲስኩ ጋር የሚነጋገርበት ዘዴ) ደግሞ አይዲኢ ላይ ነው። ዊንዶውሱ የተጫነው በሌላው ዘዴ፣ በኤኤችሲአይ ነበር፤ ዊንዶውስ 7 ደግሞ ሲጫን ያልተጠቀመበትን የዲስክ ድራይቨር ስለሚያስተኛው፣ ሞዱ ድንገት ሲቀየርበት ገና በር ላይ ይወድቃል። ወደ ኤኤችሲአይ መልሼ ኤፍ 10 ስል ተነሳ። የልጁ ምስጢር ይቺው ናት! አንዲት መስመር፣ በቀን አንድ ማኪያቶ።

ጥፋተኛዋ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታክል ባትሪ ናት፤ ሲአር 2032፣ 3 ቮልት። ስለካት 1.9። ማሽኑ ቢጠፋም ሶኬቱ ከተሰካ ሰዓቱንና ሴቲንጉን የሚይዝለት ከፓወር ሰፕላዩ የሚመጣው 5 ቮልት ነው። አክስቴ ግን እሳት ፈርታ ማታ ማታ ዲቫይደሩን ታጠፋለች፤ ያኔ ሸክሙ ሁሉ በባትሪዋ ላይ ይወድቃል፣ እሷም ሌሊቱን ሁሉንም ትረሳለች።

ሱቅ ሄጄ ባትሪ ገዛሁ፤ ስፋቷ ያው 20 ሚሊሜትር፣ ቮልቷ ያው 3። ከተትኩ፣ በድል አደርኩ። ጠዋት ሰማያዊ። አውጥቼ ሳያት 2025 ናት፤ ውፍረቷ 2.5 ሚሊሜትር። 2032ቷ 3.2 ናት። የመጨረሻዎቹ ሁለት ቁጥሮች ውፍረት መሆናቸውን እያወቅኩ! ቀጭኗ ማቀፊያዋ ውስጥ ላልታ ከብረቱ ጋር በወጉ አልተነካካችም።

አክስቴ የስኳር መለኪያዋን ከቦርሳዋ አወጣች። "ጠዋት ለክቻለሁ፤ እስከ ማታ ካልመለስክልኝ ግን ወዮልህ።" የጀርባውን ክዳን ስከፍት 2032። አውጥቼ ከተትኩ፣ ሰዓቱንና ኤኤችሲአዩን አስተካከልኩ፣ ዲቫይደሩን አሥር ደቂቃ አጥፍቼ አበራሁት። ሰተት ብሎ ተነሳ።

ከሰዓት በኋላ ሁለት 2032 ባትሪዎች ይዤ መጣሁና አንዷን መለኪያው ውስጥ ከተትኩ። መለኪያው በርቶ "ቀንና ሰዓት አስገባ" እያለ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። ያ የጎረቤት ልጅ በር ላይ ቆሟል፤ ጠዋት ስላልተጠራ ግራ ገብቶታል። ኮምፒውተሩን አየ፣ ይሠራል። መለኪያውን አየ።

"እትዬ" አላት ወደ ውስጥ እየገባ፣ "ይቺን ላስተካክልልሽ? ዞር በሉልኝማ።"

ማኪያቶው ታዘዘለት።