ሸገር 102.1 በቫልቭ ራዲዮ

የቫልቭ ራዲዮ (በትራንዚስተር ፈንታ በመስታወት ቱቦዎች የሚሠራው የድሮ ራዲዮ) ወዳጆች፣ እየጠገንኩት ስለነበረው የጀርመን ራዲዮ ደጋግማችሁ ጠይቃችሁኛል። አሁን ይሠራል፣ ያውም ሸገርን ጭምር ይዞ። አራት ኪሎና ፒያሳ አካባቢ የአያቶቻችሁን ራዲዮ ቁም ሳጥን ላይ አስቀምጣችሁ የምታዩትን ብቻ እያሰብኩ ነው የምጽፈው።

ራዲዮው በፈረንጆቹ 1950ዎቹ የተሠራ ነው። እጄ ሲገባ ድምፁ ይጎረንን ነበር፤ ትንሽ ሲቆይ ደግሞ ጭራሽ ይታፈናል። ያየው ሁሉ "ቫልቩ አልቋል" ይላል። ድሮ ፒያሳ ራዲዮ ይጠግኑ የነበሩ ጋሼ ግን "ልጄ፣ ቫልቭ ቶሎ አይሞትም። መጀመሪያ ኮንደንሰሩን ጠርጥር" አሉኝ። ኮንደንሰር ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ የሚይዘው ዕቃ ነው። እውነታቸውን ነው።

አደራ፣ ዓመታት የተቀመጠ ራዲዮ ቀጥታ ሶኬት ላይ አትሰኩ። ባለ 60 ወይም ባለ 100 ዋት የድሮ አምፖል በተከታታይ (ኤሌክትሪኩ በአምፖሉ አልፎ ወደ ራዲዮው እንዲገባ) አስገቡበት፤ ኤልኢዲ አይሆንም። ውስጡ ሾርት ካለ አምፖሉ ቦግ ይላል፣ ትራንስፎርመሩ ይተርፋል። ከነቀላችሁትም በኋላ ትልልቆቹ ኮንደንሰሮች ከ200 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። በሬዚስተር አራግፏቸው፣ ዜሮ መሆኑን በቴስተር እዩ፣ ከዚያ እጅ ይግባ።

አሁን ወደ በሽታው። ድምፅ የሚያወጣው ቫልቭ ኢኤል 84 ነው። የካቶዱ (ኤሌክትሮን የሚያመነጨው የቫልቩ ክፍል) ሬዚስተር 135 ኦም ነው፤ እዚያ ላይ 7 ቮልት ገደማ መታየት ነበረበት። ቴስተሬ 11 አሳየኝ። 11ን ለ135 አካፍሉት፤ 81 ሚሊአምፔር ይመጣል። ለቫልቩ የተፈቀደለት ቢበዛ 65 ነው። ደክሞ ሳይሆን ከአቅሙ በላይ እየሠራ ነበር ማለት ነው። ቫልቩን ነቅዬ የሶኬቱን 2 ቁጥር እግር፣ በቫልቩ የሚያልፈውን ከረንት የሚቆጣጠረውን ግሪድ፣ ለካሁ። ዜሮ መሆን ሲገባው ፖዘቲቭ ቮልት አለ፤ ራዲዮው በሞቀ ቁጥርም ይጨምራል። ጥፋተኛው ከፊቱ ያለው የወረቀት ኮንደንሰር ነው። ድምፁን አሳልፎ ዲሲውን (አቅጣጫ የማይቀያይረውን ኤሌክትሪክ) ማገድ ሲገባው ያሾልካል።

በ0.01 ማይክሮፋራድ፣ ባለ 630 ቮልት የፕላስቲክ ኮንደንሰር ቀየርኩት። ምናለሽ ተራ ከሚሸጡ የድሮ ቴሌቪዥን ቦርዶች ላይ እንዲህ ዓይነቱ አይጠፋም። የቀሩትን የወረቀት ኮንደንሰሮችም አላስተረፍኳቸውም። ካቶዱ ወደ 7 ተመለሰ፤ ድምፁም ጥርት አለ።

ቀጥሎ ያለው ነው ደስ የሚለው። የዚያ ዘመን የጀርመን ራዲዮዎች ብዙዎቹ ኤፍኤማቸው 100 ሜጋኸርትዝ ላይ ያበቃል። 97.1 እና 98.1 ይገባሉ፤ ብስራት 101.1 እና ሸገር 102.1 ግን ከመስመሩ ውጪ ናቸው። አዲስ አበባ ተቀምጦ ሸገርን የማይዝ ራዲዮ ደግሞ ለእኔ ግማሽ ራዲዮ ነው።

መፍትሔው ኢሲሲ 85 ቫልቭ አጠገብ ያለው የኦሲሌተር (ጣቢያ ለመምረጥ የራሱን ሞገድ የሚያመነጨው ክፍል) የሽቦ ጥቅል ነው። ኦሲሌተሩ ከጣቢያው 10.7 ሜጋኸርትዝ ከፍ ብሎ ይሠራል። ለሸገር 112.8 ላይ መድረስ አለበት ማለት ነው። የጥቅሉን የፌራይት እምብርት በፕላስቲክ ካቻቪቴ ቀስ እያልኩ ወደ ውጪ አወጣሁት፤ የብረት ካቻቪቴ ገና ሲጠጋ ፍሪኩዌንሲውን ያዛባል። ራዲዮው በርቶ ስለሚሠራ አንዱ እጅ ኪስ ውስጥ ይቆይ። ሸገር ሲገባ የፊተኛውን ጥቅል ደግሞ ድምፁ እስኪጎላ አስተካከልኩ። ለአንቴና 75፣ 75 ሴንቲ ሜትር ሁለት ሽቦ ግራና ቀኝ ዘረጋሁ። መሃል ከተማ ላይ ከበቂ በላይ ነው።

ዋጋ አለው። መርፌው አሁን ወደ 3 ሜጋኸርትዝ ያህል ዝቅ አድርጎ ያነባል፤ ሸገር 99 አካባቢ ነው። አዋሽ 90.7ም የመስመሩ ጫፍ ላይ ተጣብቋል። እኔ ተስማምቶኛል። መስታወቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ግን አልነካውም፤ እንደተሠራ ይቆይ።

የቀረችኝ አረንጓዴዋ የማስተካከያ ዓይን፣ ጣቢያው በደንብ መግባቱን በብርሃን የምታሳየው ቫልቭ፣ ናት። ቮልቴጇ ልክ ነው፣ ብርሃኗ ግን ደብዝዟል። ኢኤም 84 ተርፎት ያስቀመጠ ካለ ይንገረኝ፤ በኢኤል 84 እንለዋወጣለን።