ቀይ እስክሪቢቶ
ዛሬ ባህር ዳር ፔዳ ሰፈር ጎማ ላስለጥፍ ብስክሌት ሰሪው ጋ ቁጭ ብዬ አንድ ሽማግሌ አሮጌ ብስክሌታቸውን እየገፉ መጡ፣ ልጁ የኔን ወርውሮ ብድግ! (ከፋኝ፣ አልዋሽም)። "ቲቸር ይቀመጡ" ብሎ በርጩማውን በእጅጌው ጠረገላቸው። ጎማውን ውሃ ነክሮ አረፋ የሚያወጣውን ቀዳዳ በቀይ እስክሪቢቶ ሲያከብበው እሳቸው አጎንብሰው አይተው "ድሮ እኔ እንዲህ ሳከብብልህ ታለቅስ ነበር" አሉት፣ ሳቁን ለቀቀው። ሂሳብ ሲሉት "ክረምት ክረምት በነፃ ሲያስጠኑን ስንት አስከፈሉን?" አላቸው፣ እሳቸው ግን ብሩን በርጩማው ላይ ጥለውለት ሄዱ።

ሰፈሩ ራሱ ስሙን ያገኘው በ1965 ዓ.ም. ከተከፈተው የፔዳጎጂ አካዳሚ ነው፣ ግን ጡረታ የወጣ አስተማሪ ከዚች በርጩማ የተሻለ የክብር ወንበር ሲሰጠው አላየሁም። ምን ላውራ፣ እኔ ራሴ ያስተማረችኝ ቲቸር ስልክ እንኳን የለኝም። ያላችሁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ እስቲ።