«ብሩድ»፦ ከአንዲት ዶሮ ሥር የወጡ ትርጉሞች

የእንግሊዝኛ ቃላትን ከዘመን ዘመን እየተከተልኩ ማጥናት ከጀመርኩ ወዲህ እንደ «ብሩድ» ያቆየኝ ቃል የለም። ዘዴዬን ለማታውቁ፦ ከቆየ ጽሑፍም ከዛሬ ጋዜጣም ቃሉ ያለበትን ዓረፍተ ነገር በደብተር እገለብጣለሁ፤ መዝገበ ቃላት የምከፍተው ከዚያ በኋላ ነው።

ቃሉ ጥንታዊ ነው፤ ሥሩ ከማሞቅ ጋር ይያያዛል፤ ማርባት ማለት የሆነው «ብሪድ»ም የቅርብ ዘመዱ ነው። በስምነቱ በአንድ ጊዜ የተፈለፈሉ ጫጩቶችን ይጠራል። እ.ኤ.አ. በ1611 በታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ጌታ ለኢየሩሳሌም በተናገረው ቃል ላይ ዶሮዋ በክንፎቿ ሥር የምትሰበስበው በማቴዎስ 23፥37 «ቺክንስ» ሲሆን በሉቃስ 13፥34 ግን «ብሩድ» ነው። ያው ንግግር፣ ያው ዶሮ። አንደኛው ጫጩቶቹን ይቆጥራል፤ ሁለተኛው በአንድ ሙቀት ሥር ያለ ቤተሰብ ያያል። ይህን ካየሁ በኋላ ንብ አናቢዎች በቀፎ ውስጥ ያለውን እንቁላል፣ እጭና ሙሽሬ ባንድነት «ብሩድ» ማለታቸው አልገረመኝም። አሜሪካውያንም ሲካዳ የተባሉትን ጩኸታም ነፍሳት ከመሬት በሚወጡበት ዓመት ከፋፍለው ለየጭፍራው የብሩድ ቁጥር ሰጥተዋል። በየ13 ዓመቱ የሚወጣው ብሩድ 19 እና በየ17 ዓመቱ የሚወጣው ብሩድ 13 እ.ኤ.አ. በ2024 አብረው ወጡ፤ ከዚያ በፊት የተገናኙት በ1803 ነበር። 13ን በ17 አባዙት፤ 221 ይመጣል።

ግሡ ግን ሌላ መንገድ ሄዷል፦ እንቁላል መታቀፍ ማለት የነበረው በሐሳብ መተከዝም ሆነ፤ እኔንም ያቆየኝ እሱ ነው። እንቁላል የታቀፈችን ዶሮ ልብ ብላችሁ እዩ። ላባዋን ነፍታ ጎጆዋ ላይ ትለጠፋለች፤ እጅ ሲጠጋት ትነክሳለች፤ ለእህልና ለውኃ ጥቂት ትነሣና ተመልሳ እንቁላሎቹን በመንቆሯ እያገላበጠች ትቀመጣለች። 21 ቀን ገደማ እንዲህ ነው። ሐሳብ የያዘው ሰውም ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ያንኑ ነገር እያገላበጠ ይቀመጣል፣ የቀረበውን ይነክሳል። ሼክስፒር ይህን አይቶታል። «ሐምሌት» በተባለው ተውኔቱ ልዑል ሐምሌትንና ኦፊልያን ተደብቆ ያዳመጠው ንጉሥ፣ የልዑሉ ትካዜ በነፍሱ ውስጥ ያለን አንድ ነገር ታቅፎ እንደ ተቀመጠ ይናገራል፤ የሚፈለፈለው አደጋ እንዳይሆንም ይሰጋል። እዚህ ላይ ዶሮዋም ትካዜውም በአንድ ዓረፍተ ነገር አብረው አሉ። በኋላ ዘመን ዶሮዋ ተረሳችና ትካዜው ብቻ ቀረ። ዛሬ የፊልም ማስታወቂያ «ብሩዲንግ» የሚለው ፊቱን አጨፍግጎ ዝም ያለ መልከ መልካም ወንድን ነው፤ የማን ወራሽ እንደሆነ ማን በነገረው!

«ብሩዲ» የሚለው ቅጽል ደግሞ ሁለቱንም ጎራ ይረግጣል። ለማቀፍ የተነሣሣች ዶሮ «ብሩዲ» ናት፤ የተከዘ ሰውም እንዲሁ፤ በብሪታንያ የዕለት ንግግር ደግሞ ልጅ መውለድ ያማራት ሴት ናት። ስለዚህ የብሪታንያ ጽሑፍ ስታነቡ ከፊትና ከኋላው ያለውን ሳታዩ አትተርጉሙት። «ብሩደር»ን የኛ ዶሮ አርቢዎችም ያውቁታል፤ ያለ እናት ያደጉ ጫጩቶች የሚሞቁበት ነው። ለእንቁላል ተብለው የተመረጡት የፈረንጅ ዝርያዎች ማቀፉን ትተውታል ማለት ስለሚቻል፣ የዶሮዋን ሥራም ስሟንም ማሽን ወስዶታል።

በደብተሬ አሁን ገጹን ለሁለት ከፍዬዋለሁ። በአንዱ ከዶሮዋ ሥር ካለው የመጡትን፣ በሌላው ከአቀማመጧ የመጡትን እጽፋለሁ። አዲስ ዓረፍተ ነገር ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ከየትኛው ወገን ነው ብዬ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ትርጉሙ ራሱን ይሰጣል።

ቀጣዩ «ክላች» ነው። ዶሮ በአንድ ዙር ጥላ የምትታቀፋቸው እንቁላሎች «ክላች» ይባላሉ፤ ሾፌሮቻችን ፍሪሲዮን የሚሉት የመኪና ክፍልም «ክላች» ነው። የመኪናው ጨብጦ ከመያዝ የመጣ ሲሆን የእንቁላሉ ግን መፈልፈል ከሚል የስካንዲኔቪያ ቃል ነው፤ ድምፁ ብቻ ነው ያገናኛቸው። «ክላች» ያለበት የቆየ ዓረፍተ ነገር ያላችሁ ላኩልኝ፤ የዶሮው ገጽ ገና ባዶ ነው።