ግሎባል ኢንትሪ ለማውጣት ከመክፈላችሁ በፊት የልደት ቀናችሁን አጣሩ

ይህን የምጽፈው አሜሪካ እየኖራችሁ ወደ አዲስ አበባ ለምትመላለሱ ሰዎች ነው። ግሎባል ኢንትሪ አስቀድሞ የተጣራ «የታመነ ተጓዥ» ወደ አሜሪካ ሲገባ የፓስፖርቱን ሰልፍ በፍጥነት እንዲያልፍ የሚያደርግ የአሜሪካ መንግሥት አባልነት ነው። ስለ እሱ በየቦታው የሚሰጠው ምክር እኛን ያሰበ አይደለም። እኛ የአያታችን ስም የቤተሰብ ስም ተብሎ የተመዘገበብን፣ የልደት ቀናችን ከሌላ ዘመን አቆጣጠር የተገለበጠ፣ ሻንጣችን በበርበሬና በሽሮ የሚሞላ ሰዎች ነን። ከማመልከቴ በፊት ይህን የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ የወራት ንዴት ይቀርልኝ ነበር።

እናቴ ከታመመች ወዲህ ደጋግሜ እሄዳለሁ። ከቦሌ ማታ ተነሥቼ ጠዋት ዋሽንግተን ዱለስ ስደርስ፣ በፓስፖርት ሰልፍ ላይ ቆሜ አርፍጄ በቀጥታ ወደ ሥራ የገባሁበት ጊዜ ብዙ ነው። ለማመልከት የወሰንኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ማመልከቻው ራሱ አያስቸግርም። በመንግሥት ድረ ገጽ መለያ ትከፍታላችሁ፤ ያለፉትን 5 ዓመታት አድራሻና የሥራ ታሪክ ትሞላላችሁ፤ በእነዚያ ዓመታት የሄዳችሁባቸውን አገሮች ትዘረዝራላችሁ፤ ከዚያ ትከፍላላችሁ። ክፍያው 100 ዶላር ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ 120 ዶላር ሆኗል። ማመልከቻው ውድቅ ቢደረግም ገንዘቡ አይመለስም። አባልነቱ 5 ዓመት ያገለግላል፤ በአገር ውስጥ በረራ ላይ ፍተሻውን የሚያቀልለውን ቲኤስኤ ፕሪቼክንም ይጨምራል። የአሜሪካ ዜጋም ሆነ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ማመልከት ይችላል። ግሪን ካርድ ሳይኖረው በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ሰው ግን አይችልም። ቅጹን እንሙላላችሁ ለሚሉ ሰዎች ደግሞ አንድ ሳንቲም አትክፈሉ። የዲቪ ቅጽ የሞላ ሰው ይህንንም ይሞላዋል።

የመጀመሪያውን ማጣሪያ አለፍኩና ለቃለ መጠይቅ ቀጠሮ ያዢ ተባልኩ። መከራዬ የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

በአቅራቢያዬ ካሉት የምዝገባ ቢሮዎች ክፍት ቀን ያገኘሁት ከወራት በኋላ ነበር። አምጪ የተባልኩት ፓስፖርቴን፣ መንጃ ፈቃዴንና አድራሻዬን የሚያሳይ ማስረጃ ነበር። ሁሉንም ይዤ፣ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ፣ ከሰዓቱ ቀድሜ ደረስኩ። የተቀበለኝ ወጣት ሠራተኛ ፓስፖርቴን አገላበጠ፤ ኮምፒውተሩን አየ፤ እንደገና ወደ ፓስፖርቴ ተመለሰ።

«የተወለዱት መቼ ነው?» አለኝ። ነገርኩት።

«እርግጠኛ ነዎት?»

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። የተወለድኩት በጥር 1975 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ 1983 ማለት ነው። ከመስከረም ወር መጀመሪያ እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ 7 ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ይሆናል። ዲቪ ሳይደርሰኝ ገና ወጣት ሳለሁ ለዘመድ ሠርግ የጉብኝት ቪዛ ጠይቄ ተከልክዬ ነበር። ያኔ ቅጹን የሞላልኝ ሰው በጥር ወር ላይ 8 መደመር ሲገባው 7 ደመረና 1982 ብሎ ጻፈ። በዲቪ ስመጣ ትክክለኛው ዓመት ተመዘገበ። ግሪን ካርዴ፣ የዜግነት ወረቀቴና ፓስፖርቴ ሁሉ 1983 ይላሉ። የዜግነት ቃለ መጠይቅ ያደረገልኝ ሰው እንኳ ይህን ጉዳይ አላነሣም። የዚያ የተከለከለ ቪዛ ማመልከቻ ግን በአንድ መዝገብ ውስጥ ዓመታት ተቀምጦ ጠበቀኝ።

ለሠራተኛው አስረዳሁት። የኢትዮጵያ ዘመን መለወጫ መስከረም 1 ቀን እንደሆነ፣ ዓመታችን 13 ወራት እንዳሉት፣ ልዩነቱ በዓመቱ መካከል ከ7 ወደ 8 እንደሚለወጥ፣ ያ ወረቀት በማን እጅ እንደተሞላ ሁሉ ነገርኩት። ወረቀትና እስክሪብቶ አውጥቼ ስሌቱን ላሳየው ብሞክር ዓይኑን ከኮምፒውተሩ አላነሣም።

«በማመልከቻዎ ላይ ይህን አልገለጹም» አለኝ።

ቅጹ የሚጠይቀው አንድ የልደት ቀን ነው፤ የጻፍኩትም እውነተኛውን ነው። ይህንኑ ነገርኩት። «ልደቱን በሁለት ዓመት ያስመዘገበ ሰው የታመነ ተጓዥ ሊባል አይችልም» ብሎ መለሰልኝ። ይህ አባባል እስከ ዛሬ ያበሳጨኛል። ሦስት የመንግሥት ሰነዶች አንድ ቀን እየተናገሩ፣ እሱ ሃያ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ የሌላ ሰው ጽሑፍ ይዞ እኔን ዋሾ አደረገኝ። አለቃውን እንዲጠራልኝ ጠየቅሁ፤ ሥራ ላይ ናቸው አለኝ። የሚያስፈልገውን ሰነድ በጽሑፍ እንዲሰጠኝ ጠየቅሁ፤ እንደማይሰጥ ነገረኝ። «ከአገርዎ የልደት ማስረጃ አምጥተው ሌላ ቀጠሮ ይያዙ» ብሎ ሸኘኝ። በተላከልኝ ዝርዝር ውስጥ የልደት ማስረጃ የሚባል ነገር አልነበረም።

ወንድሜ አዲስ አበባ ላይ ከወረዳው የልደት ምስክር ወረቀቱን አወጣልኝ፤ አስተረጎመ፤ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አስረጋገጠ። ሥራውን ጥሎ ነው የሮጠው፤ ውለታው አለብኝ። እኔ ደግሞ በየማለዳው ድረ ገጹን እየከፈትኩ ቀጠሮ ፈለግሁ። የተሰረዙ ቀጠሮዎች ብዙ ጊዜ ሳይታሰብ ብቅ ይላሉና በተደጋጋሚ የሚያይ ሰው ያገኛል። በክፍያ ቀጠሮ እንፈልግላችኋለን ለሚሉ የመለያችሁን የይለፍ ቃል አትስጡ፤ በዚያ መለያ ውስጥ ሕይወታችሁ ሁሉ አለ።

በመጨረሻ የጠቀመኝ ቀጠሮ አልነበረም። የመጀመሪያውን ማጣሪያ ያለፈ ሰው ከውጭ አገር ሲመለስ፣ ያለ ቀጠሮ፣ እዚያው ፓስፖርት በሚታይበት ቦታ ቃለ መጠይቁን መጨረስ ይችላል። አገልግሎቱ ከሚሰጥባቸው አውሮፕላን ማረፊያዎች አንዱ ዱለስ ነው። ይህን የነገረችኝ በቤተ ክርስቲያን የማውቃት ነርስ ናት። ከእናቴ ዘንድ ስመለስ የልደት ምስክር ወረቀቱን፣ ትርጉሙን፣ የዜግነት ወረቀቴንና የቤት ኪራይ ውሌን ሁሉ በእጅ ቦርሳዬ ይዤ ወረድኩ። ተራዬ ሲደርስ «ማመልከቻዬ የመጀመሪያውን ማጣሪያ አልፏል፤ ቃለ መጠይቁን አሁን ማድረግ እፈልጋለሁ» አልኩ። ጠና ያሉ ሠራተኛ ነበሩ። አሻራዬን አነሡ፤ ፎቶ ወሰዱ፤ ሥራዬን ጠየቁ፤ ታስሬ አውቅ እንደሆነ ጠየቁ።

ከዚያ «መዝገቡ ላይ ሌላ የልደት ዓመት አለ» አሉ። ልቤ ደነገጠ፤ ቦርሳዬን መክፈት ጀመርኩ።

«የኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው አይደል?» አሉኝ። «እዚህ ሁልጊዜ አያለሁ።»

ወረቀቱን ሊያዩት እንኳ አልፈለጉም። ፈቃዱ ቤቴ ሳልደርስ በኢሜይል መጣ። መዝገቡ ያው፣ ሕጉ ያው ነው፤ ልዩነቱ አንደኛው የእኛን ሰዎች አይቶ ያውቃል፣ ሌላው አያውቅም። ደስ ቢለኝም ለዚያ ለመጀመሪያው ቀን ያለኝ ቁጣ አልበረደም። የወንድሜን ድካምና የእኔን ውርደት የሚክስ ማንም የለም።

ስለዚህ ምክሬ ግልጽ ነው። ቅርብ ቢሮ ቀጠሮ ያዙ የሚለውን ተዉት፤ ከአዲስ አበባ በቀጥታ የሚመጣ በረራ በሚያርፍበት ቦታ ስትደርሱ ጨርሱት። የዚያን ቀን በመደበኛው ሰልፍ ትቆማላችሁ፤ ስለዚህ የሚቀጥል በረራ ካላችሁ በቂ ሰዓት ይኑራችሁ። ከመክፈላችሁ በፊት ደግሞ ቀድሞ የሞላችኋቸውን የቪዛ ቅጾች፣ የተከለከሉትንም ጭምር አስታውሱ፤ ልደታችሁ ከጥር እስከ ጳጉሜን ባለው ጊዜ ውስጥ ከሆነ ስሌቱን ራሳችሁ ሥሩት። አንድ የአድራሻ ማስረጃ ይበቃል ቢሏችሁም ሁለት ሦስት ያዙ።

ስምም እንዲሁ ነው። በኢትዮጵያ ፓስፖርታችሁ፣ በመንጃ ፈቃዳችሁና በአሜሪካ ፓስፖርታችሁ ላይ ስማችሁ በተለያየ መንገድ ተጽፎ ከሆነ፣ ሌሎች ስሞች በሚለው ቦታ ላይ ሁሉንም አስፍሩ። የአውሮፕላን ትኬታችሁ ላይ ያለው ስም ከአባልነቱ ስም ጋር ካልገጠመ ፕሪቼክ ትኬቱ ላይ አይወጣም። የአባልነት ቁጥሩንም ትኬት ስትቆርጡ ማስገባት አለባችሁ።

አሁን ስለ ሻንጣው። ማሽኑ ፊቴን አንሥቶ በደቂቃዎች ያሳልፈኛል፤ ሻንጣዬ ግን ከሁሉም ሰው ሻንጣ ጋር በአንድ የሻንጣ ማዞሪያ ላይ ነው የሚመጣው። ሁለት ትልልቅ ሻንጣ ይዞ የሚጓዝ ሰው ከሰልፉ ያተረፈውን ጊዜ እዚያ ይመልሰዋል። ዋናው ጉዳይ ግን ምግብ ነው። በርበሬውን፣ ሽሮውን፣ ቡናውን፣ እንጀራውን፣ ያለውን ሁሉ ለጉምሩክ አስመዝግቡ። ያስመዘገበ ሰው ያልተፈቀደ ነገር ቢገኝበት ዕቃው ይወሰድበታል እንጂ አይቀጣም። ያላስመዘገበ ግን ገንዘብ ይቀጣል፤ አባልነቱም ሊሰረዝበት ይችላል፤ ለወደፊት ማመልከቻም መጥፎ ታሪክ ሆኖ ይቀመጥበታል። ቋንጣ በፍጹም አትያዙ፤ ከአገራችን የሚመጣ ሥጋ አይገባም።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ ከባድ ነገር አለ፤ አደራ። ጎረቤት ለልጇ «ትንሽ ነገር ናት» ብላ የሰፋችውን ፌስታል እምቢ ማለት በእኛ ባህል ነውር ነው፤ አውቃለሁ። እኔ ግን ዛሬ ከፊቴ ተከፍቶ ያላየሁትን ዕቃ አልቀበልም። ፌስታሉ ውስጥ ቋንጣ ቢኖር ተጠያቂዋ እኔ ነኝ። እትዬ እገሌ የሰጡኝ ነው ማለት አያድንም። የተቀየሙኝ አሉ፤ ያሳዝናል፤ ሐሳቤን ግን አልለውጥም።

አባልነቱ የአንድ ሰው ብቻ ነው። እናቴ በጉብኝት ቪዛ አብራኝ ስትመጣ እኔ በፈጣኑ መስመር ልወስዳት አልችልም፤ ቋንቋ የማትችልን እናት ትቶ ደግሞ ማን ያልፋል? አብሬያት ቆምኩ። ለእሷ የጠቀማት ትኬት ስንቆርጥ ያስመዘገብንላት ተሽከርካሪ ወንበር ነው። ክፍያ የለውም፤ የሚገፋውም ሰው ያግዛል። አረጋዊ ወላጅ የምታመጡ ሁሉ ይህን አትርሱ። ልጆችም፣ ጡት የሚጠባ ሕፃን ጭምር፣ የየራሳቸው አባልነት ያስፈልጋቸዋል፤ ወላጅ አባል ከሆነ ወይም እያመለከተ ከሆነ ዕድሜያቸው ከ18 በታች ለሆኑት በነፃ ነው።

በሁለትና በሦስት ዓመት አንድ ጊዜ የምትሄዱ ከሆነ 120 ዶላራችሁን አታውጡ። ሞባይል ፓስፖርት ኮንትሮል የሚባለው፣ የፓስፖርቱን ሰልፍ የሚያፋጥን የመንግሥት የስልክ መተግበሪያ ነፃ ነው፤ ለዜጎችም ለግሪን ካርድ ባለቤቶችም ይሠራል፤ ቃለ መጠይቅ የለውም፤ ቤተሰብን በአንድ ላይ ያስተናግዳል። ይህን ለሁሉም ሰው የምናገረው በኩራት ነው፤ ብዙ ዘመዶቼን ከከንቱ ወጪ አድኛለሁና። ቦሌ ላይ ደግሞ ግሎባል ኢንትሪ ምንም አይሠራም፤ እዚያ የሚጠቅማችሁ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያችሁ፣ ቢጫ ካርዱ ነው።

ፓስፖርታችሁን ስታድሱ አዲሱን ቁጥር በመለያችሁ ላይ ወዲያው አስገቡ፤ አለበለዚያ ማሽኑ አያውቃችሁም። አባልነቱን ማደስ የሚቻለው ከማብቂያው ቀን አንድ ዓመት አስቀድሞ ጀምሮ ነው። ጊዜው ሳያልፍ ያመለከተ ሰው መልሱ ቢዘገይም እስከ 24 ወራት ድረስ መጠቀሙን ይቀጥላል። እኔ በተፈቀደበት የመጀመሪያ ቀን አመለከትኩ፤ እናንተም እንዲሁ አድርጉ።