የጅብ ዱካ በጀሶ

ሰሞኑን ከቦርከና ወንዝ ዳር በጀሶ ያወጣሁት የጅብ ዱካ በጣም አምሮልኛል። አራቱ ጣቶች፣ የጥፍሮቹ ጫፍ፣ መዳፉ ላይ ያለችው ስንጥቅ ሳትቀር ቁልጭ ብላ ትታያለች። ስለዚህ ትንሽ ልጎርርና የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

አጀማመሬ ብዙ አያስወራም። ደሴ ያደገ ሰው ጅብን የሚያውቀው በጆሮው ነው፤ ከጦሳ ተራራ በኩል ሲጮህ እየሰማን ነው የምንተኛው። እኔ ደግሞ ጠዋት በእግሬ ስወጣ መሬት መሬት ማየት ለመደብኝ። ሚዳቋውም ጃርቱም ብዙ አላስቸገሩኝም።

ያንገበገበኝ ጅብና ውሻን መለየት ነው። ሁለቱም አራት ጣት ያትማሉ፤ የሁለቱም ጥፍር ይታያል። ጅብ በዘሩ ከውሻ ይልቅ ለድመት ይቀርባል፤ ግን እንደ ድመት ጥፍሩን መሰብሰብ አይችልም። ጭቃ ላይ ውሻ የሚመስለው ለዚህ ነው። መጠኑን ብቻ አይቶ «ጅብ ነው» ማለትም አያዋጣም፤ የእኛ አገር የከብት ጠባቂ ውሻ መዳፉ ቀላል አይደለም። መዳፉን እዩ። የውሻ ከሆነ በጣቶቹና በመዳፉ መሃል የኤክስ ምልክት ማስመር ይቻላል። የጅብ መዳፍ ግን ሰፊ ስለሆነ መስመሩን ይዘጋዋል፤ የኋላ ጠርዙም ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። የፊት እግሩ ደግሞ ከኋላው በግልጽ ይበልጣል። ያን ሁሉ አንገትና ትከሻ የሚሸከመው እሱ ነዋ!

ፎቶ አስገብታችሁ የእንስሳውን ስም የሚነግሯችሁን የስልክ መተግበሪያዎች እኔ አላምንም። የጠዋት ፀሐይ ከጎን ሲመታው ትንሹ ዱካ ትልቅ ይመስላል። ጀሶ ይሻላል። ከግንባታ ዕቃ ሱቅ ይገኛል። የውሃ ፕላስቲክ ወገቡ ላይ ቆርጣችሁ ዱካውን እጠሩበት። ሁለት እጅ ጀሶ፣ አንድ እጅ ውሃ፤ ውፍረቱ እንደ እንጀራ ሊጥ ይሁን። ዱካው ላይ አታፍስሱት፣ ከጎን ለቃችሁት ራሱ ይግባ። ሲጠነክር ይሞቃል። ኮምቦልቻ ላይ ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል፤ ደሴ ግን ብርዱም እርጥበቱም ስላለ እጥፉን ታገሱ። ጭቃውን እዚያው ለማጠብ አትቸኩሉ። ይደርና በጥርስ ብሩሽ ቀስ ብላችሁ አራግፉት።

ከሐረጎ ያመጣሁት አንዱ ላይ ውሻ የጅቡን ጣት ረግጦ አልፏል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው በጀሶ ተቀርጾ እቤቴ ተቀምጧል።

ትልቅ ዱካ ያየ ሁሉ «አውራው ነው» ይላል። በእኛ ዝንጉርጉር ጅብ ግን የምትገዝፈውም የምታዘውም ሴቷ ናት፤ ግልገሎቹም ማዕረጋቸውን የሚወርሱት ከእናታቸው ነው። ያም ሆኖ የመጠን ልዩነታቸው ትንሽ ስለሆነ ከዱካ ጾታ እለያለሁ የሚለውን አትስሙት። ጥንብ ብቻ ይለቅማል የሚባለውም ሐሜት ነው። ሃንስ ክሩክ የተባለ ተመራማሪ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ታንዛኒያ ውስጥ በሴሬንጌቲና በንጎሮንጎሮ ሌሊት ሌሊት ሲከታተላቸው፣ ብዙውን ምግባቸውን ራሳቸው አድነው እንደሚበሉ አይቷል። ንጎሮንጎሮ ላይ እንዲያውም ቀማኛው አንበሳው ነበር።

«አንተስ ሌሊት ወጥተህ ታያለህ?» ለምትሉኝ፣ አልወጣም። እፈራለሁ። ግልገል ያለበት ጉድጓድ አጠገብማ በቀንም አልደርስም፤ እናንተም አትድረሱ። ደርቆ የነጣ ዓይነ ምድር መንገድ ዳር ካገኛችሁ ግን የጅብ ሊሆን ይችላል፤ የሚያነጣው የፈጨው አጥንት ካልሲየም ነው። ካፊያ ባደረ ማግስት በማለዳ እዚያው አካባቢ ጭቃውን ፈትሹ።