መረብ የሚነሣባትን ጀልባ እንዴት እንደ መረጥሁ

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በሚወስደው ዳርቻ መረብ እየጣልሁ ማሳደር ከጀመርሁ ስድስት ዓመት ሆነኝ። በእነዚህ ዓመታት በሦስት መንሳፈፊያዎች ሠርቻለሁ። የመጀመሪያዋ የደንገል ታንኳ፣ ሁለተኛዋ ከባሕር ዛፍ ሳንቃ የተሠራች ጀልባ፣ ሦስተኛዋና አሁን የምሠራባት የዋንዛ ጀልባ ናት። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን የመረጥሁት ተሳስቼ ነው፤ ስሕተቱም በሁለቱም ጊዜ አንድ ዐይነት ነበር። ስትቀዘፍ ምን ያህል ትፈጥናለች፣ ምን ያህል ትሸከማለች እያልሁ ጀልባን የመዘንሁት በአካሄዷ ነበር። መረብ ጥሎ የሚያሳድር ሰው ዋና ሥራው ግን ጀልባዋ በቆመችበት ሰዓት ነው። ጎሕ ሲቀድ በአንዱ ጎኗ ላይ አጎንብሶ፣ ውኃ የጠጣና ዓሣ የያዘ መረብ ክንድ በክንድ ወደ ላይ ይስባል። ጀልባ መመረጥ ያለባት ለዚያች ሰዓት መሆኑን የተረዳሁት ሦስት ዓመት ከሠራሁ በኋላ ነው።

በቅድሚያ ስለ ውኃው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የተንጣለለ ሐይቅ ቢሆንም ጥልቀቱ ትንሽ ነው፤ በአማካይ 8 ወይም 9 ሜትር፣ እጅግ ጥልቅ በሚባለው ስፍራም 14 ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ያለ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውኃ ነፋስ ሲያገኘው የሚያስነሣው ማዕበል አጭር፣ ቀጥ ብሎ የሚቆምና ቶሎ ቶሎ የሚመታ ይሆናል። ማለዳ ሐይቁ ጸጥ ብሎ ይገኛል፤ ነፋሱ ብዙውን ጊዜ የሚበረታው ከሰዓት በኋላ ነው። እኔ መረብ የምጥለው ከቀኑ 10 ወይም 11 ሰዓት ላይ፣ ማዕበሉ ገና ሳይበርድ ሲሆን የማነሣው ደግሞ ሲነጋ በ12 ሰዓት ነው። ስለዚህ ጀልባዋ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ሁለት የተለያየ ጠባይ ባለው ውኃ ላይ ትወጣለች ማለት ነው።

ታንኳዬን የገዛሁት ከአንድ የወይጦ ሽማግሌ ነው። ወይጦዎች በጣና ዳር ደንገል አጭዶ፣ አድርቆና አስሮ ታንኳ በመሥራት ከጥንት ጀምሮ የታወቁ ናቸው፤ የሚሠሩበትም ደንገል ስሙ ሩቅ ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1969 ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በደንገል መርከብ አትላንቲክን ለማቋረጥ በተነሣ ጊዜ ደንገሉ የተወሰደው ከጣና ነበር፤ ራ የተባለችው የመጀመሪያዋ መርከብ መንገድ ላይ ብትፈርስም ራ ሁለት በቀጣዩ ዓመት ባርቤዶስ ደርሳለች። ሽማግሌው ታንኳዋን ሲያስረክቡኝ ምን እንደምሠራባት ጠየቁኝ። መረብ እንደማሳድር ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁና «ልጄ፣ በየቀኑ የምትወጣባት ከሆነ አንዷ አትበቃህም፤ ሁለት ውሰድ። አንዷ ስትሠራ አንዷ ፀሐይ ትሙቅ» አሉኝ። እኔም ገንዘቤን አስቤ «አያ፣ ለጊዜው አንዷን ልውሰድና እንተያያለን» አልኋቸው።

የተናገሩት ምን ማለት እንደ ሆነ የገባኝ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ደንገል የሚንሳፈፈው በውስጡ ባለው አየር ነው፤ ውኃ ውስጥ በቆየ ቁጥር ያንን አየር ቀስ በቀስ ውኃ ይተካዋል። ታንኳ ከሥራ በኋላ ወደ የብስ ተጎትታ፣ ቀጥ ብላ ቆማ፣ ውኃዋ ሊንጠፈጠፍና ልትደርቅ ይገባል። የማገዶ ወይም የቡና ጭነት ከዘጌ አምጥቶ ለሚመለስ ሰው ይህ አይከብድም፤ አንድ ቀን ሠርቶ ሌላውን ቀን ያሳርፋታል። መረብ ግን ዕረፍት አይሰጥም። አንድ ጠዋት ሳይነሣ ቢቀር የተያዘው ዓሣ ይበላሻል፣ በሌላ እንስሳም ይበላል። የእኔ ታንኳ በየቀኑ ሁለት ጊዜ ስለምትወጣ ደርቃ አታውቅም ነበር። በመጀመሪያው ቀን ውኃው ከእግሬ አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ ብሎ ነበር፤ ወሩ ሳያልቅ ተረከዜ ውኃ ውስጥ ሆኖ እቀዝፍ ጀመር።

ሌላ ያላሰብሁት ነገርም ነበር። የደንገል ጫፍ ተቆርጦ ሲደርቅ እንደ እሾኽ ይሾላል። መረቤን በታንኳዋ ጎን ስስብ ቀጭኑ የመረብ ክር በእያንዳንዱ ጫፍ እየተጠለፈ ይያዝ ነበር፤ ለማላቀቅ ስታገል ዓሣው ይወድቃል፤ ቸኩዬ ስስበው ደግሞ የመረቡ ዓይን ይበጠሳል። አንድ ቀን ጠዋት ያነሣሁትን መረብ ዳር ላይ ዘርግቼ ስቆጥር የተበጠሱት ዓይኖች ከተያዙት ዓሦች ይበልጡ ነበር። ይህን የምጽፈው ታንኳን ለማጣጣል አይደለም። ውኃ ቢገባባት አትሰምጥም፤ ደንገል ውስጥ ድምፅ ሳታሰማ ትሄዳለች፤ ጉልበት በማይደርስ ውኃ ላይ ትንሳፈፋለች። በመንጠቆ ለሚያጠምድ ወይም በዳር ዳር ለሚሠራ ሰው ዛሬም ከእርሷ የምትሻል አላውቅም። ነገር ግን እርጥብ መሬቱ እየታረሰ፣ ደንገሉ ከዳርቻው እየራቀ በሄደ ቁጥር ጥሩ ታንኳ ማግኘትም እየከበደ ነው፤ ይህ ያሳዝነኛል።

ሁለተኛዋን ጀልባ የገዛሁት በዓይኔ ተማርኬ ነው። ከባሕር ዛፍ ሳንቃ የተሠራች፣ 6 ሜትር የምትረዝም፣ በላይ በኩል ወርዷ 75 ሣንቲ ሜትር ብቻ የሆነ፣ ሆዷ ወደ ታች እየጠበበ የሚሄድ ቀጭን ጀልባ ነበረች። ሁለት ሆነን ስንቀዝፋት ትበር ነበር። ሳንቃው ገና እርጥብ ሳለ መመታቱን አናጢው አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። በጋ ላይ ለጥቂት ቀናት ዳር አውጥተናት ስትደርቅ ሳንቃዎቹ ተኮማተሩና በመካከላቸው ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተከፈተ። ጥጥ በቅጥራን እየነከርን ደፈንነው፤ ውኃ ውስጥ ስትገባ እንጨቱ ተመልሶ ሲያብጥ ድፍኑን ገፍቶ አወጣው። ከዚያ በኋላ ከሁለታችን አንዱ በጣሳ ውኃ እየጨለፈ ሌላው ሲሠራ ከረምን።

የከፋው ግን የመጣው በሐምሌ አንድ ማለዳ ነው። ከታናሽ ወንድሜ ጋር መረቡን እያነሣን ሳለ አንድ ትልቅ አምባዛ ከታችኛው ገመድ ጋር ተጠላልፎ ከብዶ መጣ። ወንድሜ ሊያግዘኝ ብሎ እኔ ወዳለሁበት ጎን ጠጋ አለ። ሁለታችንም በአንድ ጎን በሆንንበት ቅጽበት ጠርዟ ከውኃው በታች ገባ፤ ውኃው ድምፅ ሳያሰማ እንደ ዘይት ወደ ውስጥ ፈሰሰ። ጀልባዋ ሙሉ በሙሉ ባትገለበጥም ሞላች፤ መረቡ ከነዓሣው ሄደ፤ ቢላዋውና መቅዘፊያዎቹም ሄዱ። ሁለታችንም ዋና ስለምንችልና ደንገሉ ቅርብ ስለ ነበር እርሷኑ ይዘን ዳር ደረስን። ማታውን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከመረቡ ይልቅ ያስጨነቀኝ ወንድሜ ነበር፤ ይዤው የወጣሁት እኔ ነኝና።

ከዚያ በኋላ ሦስተኛዋን ለመምረጥ አልቸኮልሁም። በየዳርቻው እየዞርሁ የሰዎችን ጀልባ እየለመንሁ ሞከርሁ። የአሞካከሩ መንገድ ቀላል ነው፤ ጀልባ ሊገዛ ላሰበ ሁሉ እንዲሞክረው እመክራለሁ። ጉልበት በሚደርስ ውኃ ላይ ጀልባዋን አቁሜ፣ ውኃው የሚነካትን መሥመር በከሰል አሰምርበታለሁ። ቀጥሎ እያንዳንዱ 50 ኪሎ የሚመዝን አራት ጆንያ አሸዋ ወለሏ ላይ አስተካክዬ እደረድርና መሥመሩ ምን ያህል እንደ ሰጠመ እለካለሁ። ቀጭኗ ጀልባዬ በዚህ ጭነት 8 ሣንቲ ሜትር ያህል ትሰምጥ ነበር፤ ሰፋ ያለ ጠፍጣፋ ወለል ያላቸው ጀልባዎች ግን 5 ሣንቲ ሜትር ተኩል ቢሰምጡ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በውኃው ፊት ላይ የምትይዘው ስፋት በበዛ መጠን ለተጨመረባት ክብደት ያነሰ ትወርዳለች። ከዚህ ቀጥሎ ዋናው ፈተና ይመጣል፤ እኔና ወንድሜ በአንድ ጎን ጠርዝ ላይ ተንበርክከን እጃችንን እስከ ክርናችን ውኃ ውስጥ እናስገባለን። ጠርዟ ውኃ ከነካ ያችን ጀልባ እንተዋታለን፤ ዋጋዋን እንኳ አንጠይቅም ነበር።

በመጨረሻ ያሠራኋት 5 ሜትር ከ20 ትረዝማለች፤ የወለሏ ወርድ 85 ሣንቲ ሜትር፣ የጠርዟ 1 ሜትር ከ15፣ የጎኗ ከፍታ 45 ሣንቲ ሜትር ነው። እንጨቷ ዓመት ያህል በጥላ ሥር የደረቀ ዋንዛ ነው። ዋንዛ ከባሕር ዛፍ ይልቅ ይቀልላል፣ ሲደርቅም ብዙ አይጣመምም፤ ሁለታችን አንሥተን ከውኃው ወደ ጥላ ለመውሰድ አንቸገርም፣ ይህም ዕድሜዋን ያራዝመዋል። ከሽማግሌው ታንኳ የተማርሁትን አልረሳሁምና አናጢውን ብዙ የለመንሁት ስለ ጠርዙ ነበር። የምስማሩ ጫፎች ሁሉ ታጥፈው እንጨቱ ውስጥ እንዲቀበሩ፣ መረቡ የሚሳብበት ጎን በመላጊያ ተልጎ፣ ከዚያም በብርጭቆ ወረቀት እንዲታሽ አደረግሁ። አናጢው «ይህ አልጋ ነው እንዴ?» ብሎኝ ነበር። ሲያልቅ እኔ ራሴ አሮጌ የናይለን ካልሲ በጠርዙ ላይ እየጎተትሁ ዞርሁ፤ ካልሲው የተያዘበትን ቦታ ሁሉ በከሰል አመልክቼ እንደገና አሳሸሁት።

ጠፍጣፋ ወለል ጉድለት የለውም አልልም። ከሰዓት በኋላ በሚነሣው ማዕበል ላይ ፊቷ በኃይል ይመታል፤ ከነፋሱ ጋር ጎን ለጎን ስትሄድም ትንሸራተታለች፤ እንደ ቀጭኗ አትፈጥንም። ስለዚህ መረቤን የምጥልበትን ቦታ አቀረብሁት፤ በቀዘፋ ከግማሽ ሰዓት በላይ አልርቅም። በሌላ በኩል ወለሏ ጥልቀት ስለማይሻ ውኃው ሲጎድልም ትሠራለች። በ1995 ዓ.ም. የጣና ውኃ ክፉኛ ወርዶ ትልልቆቹ መርከቦች መንቀሳቀስ ተቸግረው እንደ ነበር ዳርቻው ላይ ያደጉ ሁሉ ያስታውሱታል። በሚያዝያና በግንቦት እኔ በዘንግ እየገፋሁ በማልፍበት ቦታ ሞተር የገጠሙ ጀልባዎች ጭቃ ይዟቸው አያለሁ።

ሞተር ለምን አልገጠምህም የሚሉኝ ብዙ ናቸው። የነዳጁ ወጪ አንዱ ምክንያት ነው፤ ትልቁ ግን ሌላ ነው። የሞተር ጀልባና ዘመናዊ የናይለን መረብ ወደ ጣና የገቡት እ.ኤ.አ. በ1986 ነው፤ ከዚያ በፊት አስጋሪው በታንኳ ከዳርቻ ብዙም አይርቅም ነበር። ሞተር ያለው ሰው በክረምት ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭና ወደ ግልገል ዓባይ አፍ መድረስ ይችላል። በነሐሴና በመስከረም ነጭ ዓሣ እንቁላሉን ለመጣል ወደ ወንዞቹ ሊወጣ የሚሰበሰበው እዚያ ነው። በሌላ በየትኛውም ውኃ የማይገኙ 15 ያህል የነጭ ዓሣ ዝርያዎች በጣና አሉ፤ በመራቢያ መንገዳቸው ላይ ቆሞ መረብ የሚዘረጋ ሰው የሚያነሣው የመጪዎቹን ዓመታት ዓሣ ነው። ለእኔ የዓይኑ ስፋት 10 ሣንቲ ሜትር የሆነ መረብና ቅርብ የሆነ ዳርቻ ይበቃኛል፤ ቆሮሶና አምባዛ ይይዝልኛል።

ስለ ጉማሬም ልጥቀስ፤ አመሻሹ ላይ ለግጦሽ ከውኃ ስለሚወጣ በደንገሉ ዳር መንገዱን መዝጋት አደገኛ ነው። የእንጨት ጀልባ በዚህ ረገድ ጥቅም አላት፤ መቅዘፊያውን በጎኗ መታ መታ እያደረግሁ ስሄድ መምጣቴን ቀድሞ ይሰማል፤ በታንኳ ግን ሁለታችንም ሳንሰማማ ልንገናኝ እንችል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 በመገጭ ወንዝ መግቢያ አካባቢ የታየው እንቦጭ በሰሜን ምሥራቅ በኩል ያሉትን አስጋሪዎች እጅግ አስቸግሯል፤ መረባቸውን ጠቅልሎ የሚወስድበት ጊዜ አለ። እዚያ ለሚሠራ ሰው ከእኔዋ ይልቅ ፊቷ ይበልጥ ሹል የሆነች፣ ከአረሙ በላይ ልትወጣ የምትችል ጀልባ ሳትሻል አትቀርም።

ባለፈው ኅዳር አንድ ጠዋት መረቡ እንደዚያ እንደ ሐምሌው ከበደኝ። ወንድሜ ሳልጠራው መጥቶ አጠገቤ ተንበረከከና ሁለታችንም በአንድ ጎን ሆነን ሳብን። ጀልባዋ አዘነበለች፤ ዓይኔን ከጠርዙ አላነሣሁም። አራት ጣት ያህል ሲቀረው ቆመ። መረቡ በለሰለሰው እንጨት ላይ ሳይያዝ እየተንሸራተተ ገባ፤ ከታችኛው ገመድ ጋር ሁለት አምባዛ ተጠቅልሎ ነበር። ወንድሜ አንዱን በጉልበቱ ወለሉ ላይ ይዞ ክሩን ከጉንጩ ሲያላቅቅ እኔ ቀሪውን መረብ መሳቤን ቀጠልሁ።